የሠራትን ግመል አይተሻታል?

ስሚኝ እህቴ፣ ትልቁ ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። ደብተር ላይ ሲያፈጥ አይተሽ «ይሄ ልጅ ጭንቅላት የለውም» ስትይ ሰምቼሻለሁ። እሱም ሰምቶሻል።

ከቦርከና ወንዝ ዳር ባመጣው ጭቃ የሠራትን ግመል ግን አይተሻታል? እኔ አንስቼ አየኋት። የጭነቱ ገመድ በሆዷ ሥር በየት እንደሚያልፍ ያውቃል። ስትንበረከክ መሬት የሚነካው፣ ደረቷ ላይ ያለው ጠጣር እብጠት እንኳ አልቀረም። በበጋ አፋሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ሜዳ ሣር ሲመጡ ቆሞ ያየውን ነው በእጁ የሠራው። እንዲህ የሚያስተውል ልጅ ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? ደግሞም አላቃተውም፤ የሚማረው በኦሮምኛ ነው፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ አቀላጥፎ ያነበዋል። የከበደው የአማርኛው ፊደል ነው። ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አንድ ላይ መያዝ ለትልቅ ሰውም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ግመሏን አጠገብሽ አስቀምጪና ጠይቂው። የት አየሃት? ምን ተጭናለች? ለምን አንገቷን ቀና አደረገች? በኦሮምኛ ያውራልሽ፣ ከዚያ የተናገረውን በቁቤ ይጻፈው። ሲጨርስ ያንኑ በአማርኛ ሁለት መስመር ብቻ ይጻፍ። ፊደል ቢሳሳት ወዲያው አትያዢው፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብብልሽ። «ጎበዝ» ብለሽም ብቻ አትለፊው፤ ገመዱን እንዴት እንዳስተዋለ ንገሪው። ምኑ እንደተወደደለት የሚያውቅ ልጅ ያንን ደግሞ ይሠራዋል።

ጭቃ እንጀራ አይሆንም ትይኛለሽ። አውቃለሁ፣ ሐሳብሽ ፈተናው ላይ ነው። ግን የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይማር፣ ይፈተን፤ ተስፋውን ሁሉ ግን በዚያች አንዲት ፈተና ላይ አታንጠልጥዪበት። አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። እዚያ ተሰጥኦአቸውን ያዩ መምህራን ናቸው ወደ ሥነ ጥበብ የመሯቸው፤ በኋላ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ልጅሽ እንደሳቸው ይሆናል አልልሽም። አይቶ የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል፣ ቅርቡ ደግሞ አንቺ ነሽ። አሁን በትምህርት ቤት ክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ግመሏን በጨርቅ ጠቅልለሽ መምህሩ ጋ ይዘሽለት ሂጂ።

ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩንም ተዪ፤ ልጅ ሁሉ በራሱ ጊዜ ነው የሚደርሰው። መንዙማ ሲባል አይተሻል አይደል? ልጅ መጀመሪያ ተቀባይ ነው። ከትልልቆቹ መሐል ተቀምጦ ያጨበጭባል፣ የሚመለሰውን ይመልሳል፣ ድቤው መቼ እንደሚፈጥን በጆሮው ይለምዳል። ገና ሳይለምድ «ለምን አንተ አታወጣም» ብሎ የሚቆጣው የለም። ያንን ትዕግሥት ለደብተሩም ስጪው።

የትንሿ ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ወንድሟ አጥና ሲባል እሷ ጀሪካን ይዛ ውኃ ትወርዳለች። ውኃውን በተራ ይቅዱ። ይህቺ ልጅ ሒሳብ በጭንቅላቷ ነው የምትሠራው፤ ባለፈው የሽንኩርት መልስ ስትቆጥሪ ካንቺ ቀድማ ስትናገር ሰምቻታለሁ፣ አንቺ ግን «ዝም በይ» አልሻት። ገበያ ውሰጃት። የባቲው ሰኞ ስለሆነ ከትምህርት ያስቀራታል፣ ለዚያ አታስወጫት። የሰንበቴው እሑድ ነው። ገንዘቡን እሷ ትያዝ፣ ዋጋ እሷ ትጠይቅ፣ መልሱንም እሷ ትቁጠር። ማታ የገዛችውንና የተረፋትን በደብተር ትጻፍልሽ፤ ቢጎድልባትም አትጩኺባት፣ የት እንደጠፋ ራሷ ትፈልገው።