በናፍጣ መኪና ሞተር ላይ የከፍተኛ ግፊት ዘይት ብልሽትን መመርመር

ከዋጃና ከቆቦ ሜዳ የሚጫነው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙ የመቆየት ዕድሜ የለውም። ወደ ደቡብ ወልዲያና ደሴ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካህሱን ዳገት ወጥቶ ማይጨውና መቀሌ መድረስ አለበት። መኪናው ጭነቱን እንደያዘ በቀትር አልነሣም ቢል ኪሣራው በማኅበሩ አባላት ላይ ይወድቃል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች መካኒክ እንዲሆኑ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ «ኢንጀክተሩ በሙሉ ይለወጥ» ሲባል፣ ምን ተለክቶ እንዲህ እንደተባለ ለመጠየቅ እንዲችሉ ነው።

በቅድሚያ የሞተሩ ዓይነት ይታወቅ። በአገራችን በብዛት የሚታወቁት የቆዩት የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር. መኪናዎች ናፍጣውን የሚገፋላቸው በሞተሩ ማርሽ የሚዞር የናፍጣ ፖምፓ ነው። ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ ናፍጣው ራሱ በአንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጠራቀማል። በሁለቱም ዘይት ናፍጣውን አይገፋም፤ ዋና ሥራው ማለስለስና ማቀዝቀዝ ነው። እኛ የምንናገርለት ሦስተኛውን ዓይነት፣ ማለትም ኢንጀክተሩን የሚገፋው የሞተር ዘይት የሆነበትን ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በካተርፒላር 3126፣ በናቪስታር ዲ.ቲ. 466 ኢ፣ በፎርድ 7.3 እና 6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ፣ እንዲሁም በአይሱዙ 4 ጄ.ኤክስ. 1 ሞተሮች ላይ ተሠርቶበታል። ማኅበራት ያገለገለ መኪና ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ሊያጋጥማቸው ይችላል። የሞተሩ ስም ሳይታወቅ የሚጀመር ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራው የዘይት ፓምፕ ዘይቱን ከሥር ስቦ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ሁለተኛው፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ይልካል። ይህኛው ፓምፕ ዘይቱን እስከ 200 ባርና ከዚያም በላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ የጭነት መኪና ጎማ 7 ወይም 8 ባር ብቻ እንደሚይዝ ልብ ይሏል። ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ፒስቶን ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በመሆኑ ግፊቱ ሰባት ጊዜ ያህል ይባዛል። ዘይቱ 200 ባር ቢሆን ናፍጣው ወደ 1,400 ባር ይደርሳል ማለት ነው። ግፊቱን የሚመጥነው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ ሲሆን፣ መጠኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ደግሞ ሴንሰር ነው። በፎርድና በናቪስታር ሞተሮች ግፊቱ 34 ባር ገደማ ካልደረሰ ሞተሩ አይነሣም። በሌሎቹ ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል የየሞተሩ መመሪያ ይታይ።

ብዙ ሾፌሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሾፌሩ ፊት ያለው የዘይት ጌጅ ወይም መብራት የሚያሳየው የተራውን ፓምፕ ግፊት ብቻ ነው። ጌጁ ደኅና እያለ የከፍተኛው ግፊት ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። መጀመሪያ ባትሪው ይታይ፤ ሞተሪኖው በዝግታ የሚያዞረው ሞተር ግፊት አይሠራም። ቀጥሎ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ከወረደ በኋላ በመለኪያው ይለካ። ዘይት ጎድሎ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ስለሚታመቅ ኢንጀክተሩን በሚገባ አይገፋም። ያረጀ ዘይትም አረፋ ስለሚያበዛ ያንኑ ችግር ያመጣል። የራያ አቧራ ባለበት አካባቢ የዘይት መለወጫውን ጊዜ ማሳለፍ፣ ወይም ምንጩ ያልታወቀ የበርሜል ዘይት መጨመር፣ በዚህ ሞተር ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ይጎዳል።

መለኪያው ሲወጣ ይሸተት። ዘይቱ ከመጠኑ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ሞተሩም ከዚያ በኋላ አይነዳ። ከናፍጣ ፊልትሮው የሚቀዳው ናፍጣ ከጠቆረ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ በኢንጀክተሮቹ ኦሪንግ በኩል ወደ ናፍጣው እያለፈ ነው። በውጭ ምንም ሳይንጠባጠብ ዘይት የሚያጎድል መኪና ካለ ይህ ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

ከምልክቶች ሁሉ በቆላ አገር ጎልቶ የሚታየው ጧት በደንብ የሚነሣ፣ ከሞቀ በኋላ ግን ጠፍቶ እንደገና የማይነሣ ሞተር ነው። ሾፌሩ ጥላ ሥር ሁለትና ሦስት ሰዓት ጠብቆ ያስነሣዋል፤ ችግሩ የጠፋም ይመስለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማር በፀሐይ እንደሚቀጥን ዘይቱም ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ያላለፈበትን የደረቀ ኦሪንግ ያልፈዋል፤ በሞተሪኖ ኃይል ብቻ ግፊቱ ከሚፈለገው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው መፍሰስን ነው። የኢንጀክተር ሞት ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የኦሪንግ ዋጋ ከኢንጀክተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በአንጻሩ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር፣ ከሞቀ በኋላ የሚስተካከል ሞተር ማሞቂያ ካንዴላዎቹና ኢንጀክተሮቹ ይታዩ። በትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሶ የሚያስነሣ ሰው ቢያጋጥም ይከልከል፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዘይት መፍሰስ በእጅ እየተዳሰሰ አይፈለግ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢሆንና ባያምም እንኳ፣ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ፤ ምን እንደወጋውም ለሐኪሙ ይነገር።

መካኒኩ ግፊቱን በመሣሪያ ካነበበና ማነሱን ካረጋገጠ በኋላ የቫልቩንና የሴንሰሩን ሶኬቶች ይመልከት። የሴንሰሩ ሶኬት ውስጥ ዘይት ከተገኘ ሴንሰሩ አልፏል። በፎርድና በናቪስታር ሞተሮች ሴንሰሩ ሲነቀል ኮምፒውተሩ በራሱ ግምት ስለሚሠራ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ሞተሩ ከተሻለው ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በተስማሚ መግጠሚያ 7 ባር ያህል የኮምፕረሰር አየር ወደ ዘይቱ መስመር ይገባና ማፏጨቱ ይደመጣል። ድምፁ ከላይኛው ክዳን ሥር ከመጣ የኢንጀክተር ወይም የላይኛው ቧንቧ ኦሪንግ ይጠረጠራል። ይህ ሲደረግ ቫልቩ በኤሌክትሪክ ተዘግቶ መሆን አለበት። ክፍት ከሆነ አየሩ በተፈጥሮው ወደ ታች ያመልጣል፤ በዚሁ ምክንያት ብቻ ደኅና ፓምፕ እንዲለወጥ ሊወሰንበት ይችላል።

ኦሪንግ ከተለወጠ በኋላ መስመሩ አየር ስለሚይዝ ሞተሩ ወዲያው አይነሣ ይሆናል። ከ30 ሴኮንድ በላይ ያለማቋረጥ አይዙር፤ በየመካከሉ ሞተሪኖው 2 ደቂቃ ይረፍ። ከተነሣም በኋላ በደንብ ሞቆ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ማኅበሩ አይረከበው። የወጣው አሮጌ ኦሪንግ ከጋራዡ ይጠየቅ፤ የተቆረጠ ወይም የጠነከረ መሆኑ ታይቶ፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ።