የአርዱዊኖ ቦርድ መብራቶች አነባበብና የተቀጥላ ዕቃዎች ተስማሚነት

የአፈርን እርጥበት እየለካ የመስኖ ፓምፕ የሚያስነሣና የሚያጠፋ ቦርድ በተተከለበት ማሳ «አረንጓዴው መብራት እስከ በራ ድረስ መሣሪያው ደኅና ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አባባል ማሳን ያስጠማል። በተለይ ሽንኩርት ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ውኃ ቢቋረጥ የጠፋው ምርት በኋላ በሚሰጥ ውኃ አይመለስም።

እዚህ የምናየው ኡኖ የተባለውን ቦርድ ሦስተኛ እትም ነው። ቦርዱ አራት መብራቶች አሉት። ቀለማቸው እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የልማት ሠራተኛው በአጠገባቸው የታተመውን ፊደል ይመልከት።

«ኦን» የሚለው መብራት ኃይል ወደ ቦርዱ መድረሱን ብቻ ይገልጻል። ፕሮግራሙ ቆሞ፣ ፓምፑም ጠፍቶ ወይም ያለማቋረጥ እየሠራ ይህ መብራት ሊበራ ይችላል።

«ኤል» የተባለው መብራት ከ13ኛው ፒን ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚበራው ፕሮግራሙ እንዳዘዘው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ ይህ መብራት በየሴኮንዱ ብልጭ እንዲል እንዲያደርግ ማኅበሩ አስቀድሞ ይጠይቀው፤ ሥራው የጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ብልጭታው ከቆመ ፕሮግራሙ ቆሟል ማለት ነው። ሆኖም መረጃ የሚመዘግብ የሚሞሪ ካርድ ተቀጥላ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ፒን ስለሚጠቀም መብራቱ ለምልክትነት አይበጅም፤ በሌላ ፒን ላይ የተለየ መብራት ይተከል።

«ቲኤክስ» እና «አርኤክስ» የሚበሩት ቦርዱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲነጋገር ነው። በ0 እና በ1 ፒኖች ላይ የተያያዘ የሲም ካርድ መልእክት መላኪያ ሲሠራ አይበሩም። ስለዚህ እነዚህ መብራቶች አልበሩም ተብሎ መልእክት መላኪያው ተበላሽቷል አይባል። አዲስ ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ ግን ከሁለቱ ፒኖች መነቀል አለበት፤ አለበለዚያ መጫኑ ሊከሽፍ ይችላል።

ወደ ተቀጥላዎች ስንመጣ፣ በቀዳዳው ልክ መግባት የተስማሚነት ማረጋገጫ አይደለም። ዱዌ የተባለው ቦርድ የብዙዎቹን የኡኖ ተቀጥላዎች ቅርጽ ይቀበላል፤ ነገር ግን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ስለሆነ 5 ቮልት የሚልክ ሴንሰር ያቃጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አራተኛው ኡኖ በ5 ቮልት ቢሠራም ከአንድ ፒን 8 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣል፤ ለሦስተኛው የሚመከረው 20 ነው። በ220 ኦም ሬዚስተር የተያያዘ ቀይ መብራት ወደ 14 ሚሊ አምፔር ስለሚስብ ለሦስተኛው ይስማማል፣ ለአራተኛው ግን ከልክ ያልፋል። በ1,000 ኦም ቢተካ ለሁለቱም ይሆናል። የፓምፕ ሪሌ በየትኛውም ቦርድ ላይ በቀጥታ ከፒን ጋር አይያያዝ፤ ትራንዚስተር ያለው የሪሌ ሞጁል ይገዛ።

ለሦስተኛው ኡኖ የሚመከረው የመግቢያ ኃይል ከ7 እስከ 12 ቮልት ነው። የሶላር ባትሪ «12 ቮልት» ቢባልም በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ይበልጣል፤ ትርፉም በቦርዱ ላይ ሙቀት ይሆናል። የሶላሩ መቆጣጠሪያ የ5 ቮልት ዩኤስቢ መውጫ ካለው ከዚያ መውሰድ ይሻላል።

ተቀጥላ የሚጨመረው ኃይል ተቋርጦ፣ አንድ በአንድ ነው። ኃይሉ ሲመለስ «ኦን» ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ መጨረሻ የተጨመረው ዕቃ ኮንታክት ፈጥሯል ወይም ከአቅም በላይ እየሳበ ነው። ወዲያው ኃይሉ ተቋርጦ ዕቃው ይነቀልና በቴስተር ይመርመር።