254 ሜጋዋት ሁሉ እኩል አይደለም
(የውሃ ኃይል አቅምንና የአካባቢ ተጽዕኖን ስለመዘገብ)

ስለ ባሕር ታዳሽ ኃይል ልጽፍ ነው ስል የዶርም ጓደኞቼ "መጀመሪያ ባሕሩ ይምጣ!" ብለው ቀለዱብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ቢኖራትም ቀይ ባሕር ለዚህ ሥራ እምብዛም የሚመች አይደለም። ከባሕር ኃይል ዓይነቶች በብዛት የተሞከረው ውሃው በየዕለቱ ከፍ ዝቅ ሲል ተርባይን እንዲያዞር ማድረግ ሲሆን፣ ቀይ ባሕር ላይ ይህ ልዩነት በብዙ ቦታ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በፈረንሳይ የራንስ ጣቢያ ባለበት ቦታ ግን አማካዩ 8 ሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ ለምን ርእሱን መረጥኩት? የባሕርን ኃይል ለመገመት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ለወንዝም የሚጠየቁ በመሆናቸው ነው። ወንዝ ደግሞ አላጣንም። አንድ የመንግሥት መግለጫ "ይህን ያህል ሜጋዋት" ብሎ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ገልብጠን ርእስ ከማውጣታችን በፊት ምን እንጠይቅ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

እስቲ ሁለት ጣቢያዎችን እናስተያይ። አንደኛው በደቡብ ኮሪያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የሲህዋ ጣቢያ ሲሆን፣ በባሕር ከፍታና ዝቅታ ከሚሠሩት የዓለም ጣቢያዎች ትልቁ ነው። አቅሙ 254 ሜጋዋት ነው። ሁለተኛው ከእኛ በደቡብ ምሥራቅ፣ በጉጂና በባሌ አዋሳኝ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ 3 ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የእሱም አቅም 254 ሜጋዋት ነው። በዜና ላይ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። በዓመት ያመነጫሉ ተብሎ የታቀደው ግን ይለያያል፤ ሲህዋ 550 ጊጋዋት ሰዓት አካባቢ፣ ገናሌ ደግሞ 1,600 አካባቢ ነው። ሦስት እጥፍ ማለት ይቻላል።

ሜጋዋት የሚነግረን ማሽኖቹ በሙሉ ጉልበታቸው ሲሠሩ በአንድ ቅጽበት የሚሰጡትን ብቻ ነው። በዲላ ምሳሌ ለማስረዳት፣ አንዲት ባጃጅ ሦስት ተሳፋሪ ትይዛለች ማለትና ከመናኸሪያ ተነስታ እስከ ማታ ስንት ሰው አመላለሰች ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲህዋ የሚያመነጨው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆማል። ገናሌ ደግሞ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ ያውላል። 254 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ቢሠራ 2,225 ጊጋዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሲህዋ የዚህን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት ተተክሎለት በዓመት የታቀደው ምርት 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ከሙሉው አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ብዙ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ብዙ እንዲሰጥ ሆን ተብሎ በዚያ መልክ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ሁለተኛውን ቁጥር ያልጠየቀ ጋዜጠኛ ለአንባቢው የነገረው ግማሹን ወሬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ "አቅም" የሚለውን ቃል ይመለከታል። በባሕር ኃይል ጥናት አቅም በሦስት ወንፊት ያልፋል። በመጀመሪያ በተፈጥሮ ያለው ኃይል በሙሉ ይሰላል። ቀጥሎ በዛሬው መሣሪያ ሊወጣ የሚችለው ይለያል። በመጨረሻ የመርከብ መስመሩ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ወጪውና የአካባቢው ጉዳት ተቀንሶ የሚቀረው ይወሰዳል። በየወንፊቱ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል፤ አንዳንዴም በጣም ይወርዳል። እኛ አገር ለዓመታት "ኢትዮጵያ 45,000 ሜጋዋት የውሃ ኃይል አቅም አላት" የሚል ዐረፍተ ነገር ስንሰማ ኖረናል። የትኛውን ወንፊት ያለፈ ቁጥር እንደሆነ ሳይነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ወንዝ ስንት ሰው እንደሚያርስበት፣ ስንት ከብት እንደሚጠጣበት ከተቆጠረ በኋላ የቀረ ነው ወይስ በፊት? ይህን የመጠየቅ ልማድ የለንም።

ወደ አካባቢ ተጽዕኖ ስንመጣ ራንስና ሲህዋ ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመረቀው የራንስ ጣቢያ ሲገነባ የወንዙ አፍ ለሦስት ዓመት ያህል ከባሕሩ ተቆርጦ ተዘግቶ ነበር። በውስጡ የነበረው ሕይወት አብዛኛው ጠፋ፤ በሌላ ዓይነት ሚዛን እስኪያገግም አሥር ዓመት ያህል ወሰደ። በሲህዋ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1994 በተጠናቀቀ ግንብ ከባሕር ተለይቶ ውሃው በፋብሪካና በከተማ ቆሻሻ ተበክሎ ነበር። ጣቢያው ሲተከል የባሕር ውሃ መግባትና መውጣት ስለጀመረ የውሃው ጥራት ተሻሻለ። አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ አንዱን ጎድቶ ሌላውን ጠቀመ። ልዩነቱን ያመጣው ከግንባታው በፊት የነበረው ሁኔታ ነው። ስለዚህ መነሻው ሳይለካ "ጉዳት አደረሰ" ወይም "ጉዳት የለውም" ማለት አይቻልም።

መነሻው ደግሞ የሚለካው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የሚያዘው ይህንኑ ነበር። የጊቤ 3 ነገር ያነጋገረው በዚህ ምክንያት ነው። 1,870 ሜጋዋት አቅም ያለው ይህ ግድብ ግንባታው በ1998 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የተጽዕኖ ግምገማው የጸደቀው ግን ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከግድቡ በታች በኦሞ ዳር የሚኖሩት እንደ ዳሰነች፣ ካሮና ሙርሲ ያሉ ሕዝቦች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ለመሐንዲሱ ውሃን ዓመቱን ሙሉ እኩል ማድረግ ጥሩ ሥራ ነው፤ ለዚያ ገበሬ ግን ማሳው ቀረ ማለት ነው። ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅላቸዋል የሚል ቃል በሰነዱ ውስጥ መኖሩ ራሱ ችግሩ ይታወቅ እንደነበር ያሳያል።

ኦሞ የቱርካና ሐይቅን ውሃ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሰጥ ወንዝ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ በኬንያ ያሉትን የቱርካና ብሔራዊ ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባቸው። ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በከባድ ዝናብ ምክንያት ሐይቁ ከፍ ብሎ የዳር ሰፈሮችን አጥለቀለቀ። "ታዲያ ይደርቃል ያሉት ሁሉ ዋሹ?" የሚል አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። የሐይቁ ከፍታ አንድ ልኬት ነው፤ የዓመቱ ጎርፍ በጊዜው መምጣቱ ሌላ ልኬት ነው። ዓሣውም ማሽላውም የሚጠብቁት ሁለተኛውን ነው። ከፍታን ብቻ የሚዘግብ ጋዜጠኛ በዝናብ ዓመት ይታለላል።

ገናሌም የራሱ ታሪክ አለው። የውሃ መያዙ ሥራ ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ የተነሺዎች ካሳና ሰፈራ ነበር። ወንዙ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፤ ሶማሊያን አቋርጦም ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ባሕር ባይኖረንም ውሃችን ባሕር ይደርሳል ማለት ነው፤ ዶርም ላሉት ይህን ነግሬያቸዋለሁ።

ሰነዶቹን ከየት እናገኛለን ለሚል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ እሱን በሚመለከት የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ 590/2000 ደግሞ መረጃ የመጠየቅ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። በቃል ለምኖ ከመመለስ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ ቀኑን መመዝገብ ይሻላል።

በጌዴኦም ቢሆን ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ከደጋው ወደ አባያ የሚወርዱት ጅረቶች ቁልቁለታቸው ጥሩ ነው። በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ቢወርድ በስሌት 98 ኪሎዋት ይሆናል፤ በማሽኑ የሚባክነው ተቀንሶ 70 ያህል ይቀራል፤ ይህም ለአንድ ቀበሌ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መቼ የተለካ ውሃ ነው? ቀይ እሸት ቡና የሚታጠበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዝናቡም ጅረቱም እየቀነሱ ይሄዳሉ። በይርጋ ጨፌና በወናጎ ያሉ የቡና ማጠቢያዎች ውሃ የሚስቡትም፣ የገለፈቱን እጣቢ የሚለቁትም በዚያው ወቅት ነው። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ለመጠጥና ለከብት የሚቀዳው ከዚያው ነው። በነሐሴ ሙላት የተለካ "አቅም" ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ የኅዳሩን ልኬት ጠይቁት።