የፍሪሲዮን ፔዳል ባዶ ጉዞ

አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ተፈታትቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ቀለሙ ታድሶና ሞተሩ ተጠግኖ ወደ መንገድ ሲመለስ ከባለቤቱ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም ማርሽ አልገባ ይላል፤ ቢገባም እየተንገጫገጨ ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ፍሪሲዮኑ አልቋል የሚል ሲሆን፣ መፍትሔውም ሞተሩን ማውረድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት በአንድ ማስመሪያና በጥቂት የፊዚክስ ስሌት ምን ሊታወቅ እንደሚችል እንመለከታለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ የተሠራውን ኤም ጂ ቢ የተባለ ባለ 1,798 ሲሲ መኪና ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዚህ መኪና ፍሪሲዮን የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ የፔዳሉን ልክ የምናስተካክልበት ዳዶ የለውም፤ ስለዚህ «ፔዳሉን አስተካክል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራሱ መመርመር አለበት። ሁለተኛ፣ በዚህ መኪና የፍሪሲዮን ሸራ ለመለወጥ ሞተሩ መውጣት ስላለበት የስሕተት ምርመራ ዋጋው ከባድ ነው።

በጋራዦቻችን የምንገለገልባቸው ብዙዎቹ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ማርሽ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ፍሬን ሁሉ እንዲሁ። ፍሪሲዮንም በጣልያንኛ ሰበቃ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በትክክል ይናገራል። ሸራ የለበሰው ሳህን ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ቮላኖና በተጫኙ ሳህን መካከል በጠንካራ ሞላ ተጨምቆ ይያዛል፤ በዚህ ጊዜ የሞተሩ ኃይል በሰበቃ አማካይነት ወደ ካምቢዮው ይተላለፋል። ፔዳሉን ስንረግጥ የሞላውን ጣቶች እንጫናለን፤ ተጫኙ ሳህን ይሸሻል፤ ሸራውም ነጻ ይሆናል። ሸራውን ነጻ ለማውጣት የሚያስፈልገው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ሰፊው የእግር ጉዞ ወደዚያ ጠባብ ክፍተት ሲደርስ የሚባክን ትርፍ የለውም።

አሁን ጉዞውን ከእግራችን ጀምረን እንከተል። ፔዳሉ መፈንቅል ነው። ለስሌት እንዲመቸን ፔዳሉ 150 ሚሊ ሜትር ይረገጣል፣ የመፈንቅሉም ጥምርታ 5 ነው ብለን እንነሣ። ስለዚህ የላይኛው ፖምፓ ፒስተን 30 ሚሊ ሜትር ይገፋል። የዚህ ፒስተን ስፋተ ወርድ 19.05 ሚሊ ሜትር፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለው የታችኛው ፖምፓ ፒስተን ደግሞ 31.75 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1662 የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል እንዳስተማረን፣ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የሁለቱ ፒስተኖች የስፋት ጥምርታ 2.78 በመሆኑ የታችኛው ፒስተን የሚሄደው 30 ለ2.78 ሲካፈል ማለትም 10.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንጻሩ እግራችን የሚያሳርፈው 100 ኒውተን ኃይል፣ የሚባክነውን ካልቆጠርን፣ ታች ሲደርስ 1,390 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በኃይል ያተረፍነውን በርቀት ከፍለናል፤ በሁለቱም ጫፍ የተሠራው ሥራ 15 ጁል ነው።

እንግዲህ 10.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይዘን ነው የምንሄደው። ከዚህ ላይ የሚሰርቁት እነማን ናቸው?

ዋነኛዋ ሌባ ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ዘንግ ጋር የምታገናኘው፣ ከእርሳስ ብዙም የማትወፍር ፒን ናት። ለአሥርተ ዓመታት በተረገጠ መኪና ላይ ፒኗ ትበላለች፤ የምትገባበት የፔዳሉ ቀዳዳም ክብነቱን አጥቶ እንቁላል መሰል ይሆናል። በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ልቅነት ቢኖር ፔዳሉ ምንም ሳይሠራ 10 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ከታችኛው ፒስተን ጉዞም 0.72 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። በታችኛው ፖምፓ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ተመሳሳይ መገጣጠሚያ ሲበላ ግን ጉዳቱ ከሞላ ጎደል የለም። በፖምፓው ውስጥ ያለችው ቀጭን ሞላ ዘንጉን ዘወትር ወደ ፊት ስለምትገፋው ልቅነቱ አስቀድሞ ተውጦ ይጠብቃል። ላይ ግን የፔዳሉ መመለሻ ሞላ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስቦ ልቅነቱን በየጊዜው እንደ አዲስ ይከፍተዋል። ስለዚህ ተመርምሮ የሚለወጠው በቅድሚያ የላይኛው ነው።

ሁለተኛው ሌባ አየር ነው። ከላይ በጠቀስነው ኃይል በዘይቱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 17 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በቧንቧው ውስጥ የቀረ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር በዚህ ግፊት ሥር ወደ አሥራ ስምንተኛው ስለሚጨመቅ፣ ከታችኛው ፒስተን ጉዞ 1.2 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ከስኳር እንክብል የሚያንስ አረፋ ከተበላችው ፒን ይልቅ ይጎዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእድሳቱ ራሱ ውጤት በመሆኑ ያስገርማል። ባለቤቱ ለምቾት ብሎ ከፔዳሉ ሥር አዲስ ወፍራም ምንጣፍ ያነጥፋል። ፔዳሉ ከወለሉ በ10 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ከቆመ የሚጎድለው እንደ ተበላችው ፒን 0.72 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ከተደመሩ ደግሞ 1.44 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከጠቅላላው ጉዞ 13 በመቶ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ጉድለት የላይኛውን ፖምፓ ዘንግ በማስረዘም ለማካካስ ይሞክራሉ። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ፔዳሉ አናት ላይ የምትቀረው የጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ጉድለት አይደለችም። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የምታስተላልፍ ጠባብ ቀዳዳ ትከፈታለች። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ የሞላው ጣቶች ወደ ኋላ ስለሚገፉ የሚፈናቀለው ዘይት የሚመለሰው በዚያች ቀዳዳ ነው፤ በሞተሩ ሙቀት የሚሰፋውም እንዲሁ። ዘንጉ ረዝሞ ቀዳዳዋ ከተዘጋች ዘይቱ መውጫ ያጣል፤ ፔዳሉን ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በከፊል ይለቃል፤ ሸራውም እየተንሸራተተ ይቃጠላል። በአገራችን ጎዳናዎች የምናውቃት የቀድሞዋ ፎልስዋገን በዘይት ሳይሆን በሽቦ የምትሠራ ብትሆንም፣ በፔዳሏ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ እንዲተው የሚታዘዘው ለተመሳሳይ ዓላማ ነው። ልዩነቱ እርሷ ካምቢዮው አጠገብ የሽቦውን ልክ የምንወስንበት ዳዶ ያላት መሆኑ ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ምንጣፉ ይነሣ። ቀጥሎ ፔዳሉን በእጃችን ቀስ ብለን እየተጫንን የላይኛውን ዘንግ እንመልከት፤ ዘንጉ ሳይነቃነቅ ፔዳሉ የሚሄደው ርቀት በማስመሪያ ይለካ። ከዚያ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በፍጥነት እንርገጠው። በዚህ ማርሹ በቀላሉ መግባት ከጀመረ ጥፋቱ ያለው በዘይቱ በኩል ነው፤ ለውጥ ከሌለ በመገጣጠሚያዎቹ ወይም በውስጥ ነው። በመጨረሻም አንድ ሰው ፔዳሉን እንዲረግጥ አድርገን የታችኛው ዘንግ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሄድ እንለካ። ፒኗ ተበልታ ከተገኘች ትለወጥ፤ የሰፋው ቀዳዳም በብየዳ ተሞልቶ በልኩ ይበሳ። አዲስ ፒን በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት የችግሩን ግማሽ ትቶ መሄድ ነው። አየር ሲወጣ ደግሞ የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥ ልብ እንበል፤ በአዲሱ ቀለም ላይ ጠብ ያለ እንደሆነ ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን በሜዳማ ቦታ አቁመን ሞተሩን እናስነሣለን፤ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠን ጥቂት ሴኮንዶች ከቆየን በኋላ የኋላ ማርሽ እናስገባለን። የኋላ ማርሽን የምንመርጠው የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት አስቀድሞ የሚያስማማ ቀለበት ስለሌለው፣ ፍሪሲዮኑ ጥቂት እንኳ ቢይዝ በጩኸት ስለሚያሳብቅ ነው። በጸጥታ ከገባ ፔዳሉ ተስተካክሏል። የታችኛው ዘንግ ሙሉ ጉዞውን እየሄደ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ግን ችግሩ በውስጥ ነውና ሞተሩ ይውረድ።