ጋዝ ከመሙላት በፊት ቀዳዳውን እንፈልግ

የሚያፈስ እንስራ ውሃ ቢጨምሩበት አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ ስንጥቁ ይፈለጋል። ስንጥቁ ሳይደፈን ምንጭ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። የመኪና ማቀዝቀዣም እንደዚሁ ነው።

በመተማ፣ በሁመራና በአዋሽ ቆላ ፀሐዩ ያቃጥላል። በዚያ ለሚመላለስ ሹፌርና ተሳፋሪ ማቀዝቀዣ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰዎች «ኤሲ» ይሉታል። አንድ ቀን ግን ኤሲው ሙቅ አየር መንፋት ይጀምራል። ሹፌሩም «ጋዙ አልቋል፤ ሙላልኝ» ይላል። ይሞላለታል፤ ገንዘቡን ይከፍላል። ወር ሳይሞላ ደግሞ ያው ይሆናል። እንደገና ይከፍላል። ለመሆኑ ጋዙ ወዴት ሄደ?

ቤንዚን በሞተር ውስጥ ስለሚቃጠል ያልቃል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን አይቃጠልም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። በብዙ ዓመት ውስጥ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። በሳምንት ወይም በወር ካለቀ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ማቀዝቀዣው እንዴት ይሠራል?

አረቄ እጃችን ላይ ቢፈስ ወዲያው ይተናል፤ እጃችንም ይቀዘቅዛል። ፈሳሽ ነገር ሲተን ሙቀት ይወስዳልና ነው። በመኪናውም ውስጥ ሥራው ይኸው ነው። ሞተሩ በቺንጊያ ኮምፕሬሰር የሚባለውን መጭመቂያ ያዞራል። መጭመቂያው ጋዙን ጨምቆ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይገፋዋል። እዚያ ነፋስ ሲያገኘው ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከክሩስኮቱ ሥር ወዳለው ኢቫፖሬተር ይገባል። በዚያ ሲተን የመኪናውን ውስጥ ያቀዘቅዛል።

ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ እንዴት እናገኛለን?

1. በዓይን ማየት። ሞተሩን አጥፍተን ኮፈኑን እንክፈት። ከጋዙ ጋር ለመጭመቂያው ማለስለሻ የሚሆን ዘይት አብሮ ይዞራል። ጋዙ በሚወጣበት ቦታ ዘይቱም ይወጣል፤ አቧራም ይይዛል። ስለዚህ የወዛ ጥቁር ቆሻሻ ያለበትን ቦታ እንፈልግ። የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ ጋዝ የሚሞላባቸውን ቫልቮች፣ የመጭመቂያውን ፊት፣ በጠጠር የተመታ ኮንደንሰር ካለም እርሱን ደህና አድርገን እንይ።

2. በሳሙና አረፋ። ጎሚስታ የጎማ ቀዳዳ የሚፈልገው ካላማዳሪያውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው። አረፋ ከወጣበት ቦታ ቀዳዳው አለ። እኛም ሳሙና በውሃ በጥብጠን በብሩሽ መጋጠሚያዎቹን እንቀባ። ቸኩለን አንሂድ፤ ትንሽ ቀዳዳ አረፋውን ቀስ ብሎ ነው የሚነፋው። በቱቦው ውስጥ ጋዝ ከሌለ ግን አረፋ አይወጣም። ያን ጊዜ መካኒኩ ደረቅ ናይትሮጅን ሞልቶ ይፈትሻል። ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላም፤ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል።

3. በቀለምና በመብራት። መካኒኩ ልዩ ቀለም ይጨምርበታል። መኪናው ከተነዳ በኋላ በልዩ መብራት ሲታይ የሚያፈስበት ቦታ ያበራል።

4. በጠቋሚ መሣሪያ። መሣሪያው ጋዝ ሲያገኝ ይጮኻል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የመሣሪያው ጫፍ ከቱቦው በታች በኩል ቀስ እያለ ይዞራል።

ከመኪናው ሥር ንጹሕ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ። ከአየሩ ውስጥ የወጣ እርጥበት ነው እንጂ ጋዝ አይደለም። ደግሞም ሙቅ አየር ሁሉ የጋዝ ማለቅ ምልክት አይደለም። ቺንጊያው ተበጥሶ ወይም ፊውዝ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

እንጠንቀቅ!

መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ የጋዙ ግፊት ከትንሽ መኪና ጎማ አየር በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መጋጠሚያውን ራሳችሁ አትፍቱ። ፈሳሹ ዓይን ቢነካ ሊያሳውር ይችላል፤ እጅንም እንደ በረዶ ያደርቃል። በክብሪት ወይም በሻማ አትፈልጉ። ጋዙ እሳት ሲነካው መርዛም ጭስ ይሆናል። ሞተሩ ሲዞርም ነጠላና ጋቢ ከቺንጊያው ይራቅ።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም

ቀድሞ መኪኖች የሚሞሉት አር-12 የሚባል ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከልልንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ ታወቀ። በ1980 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1987) መንግሥታት በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ እንዲህ ያለውን ጋዝ ለመቀነስ ተስማሙ። በእርሱ ምትክ የመጣው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን 1 ኪሎው ወደ አየር ሲወጣ በ100 ዓመት ሲሰላ ከ1,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ምድርን ያሞቃል። ባንድ ትንሽ መኪና ውስጥ ያለው ጋዝ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ምድር ስትሞቅ የዝናቡ ጊዜ ይዛባል። የዝናቡን መዛባት ከገበሬ በላይ የሚያውቀው የለም።

ስለዚህ መካኒኩን «ሙላልኝ» ከማለታችን በፊት «የሚያፈስበትን ፈልግልኝ» እንበል። ቀዳዳው ተገኝቶ ከተጠገነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተመጥጦ ይውጣ። ከዚያ ጋዙ በመኪናው ላይ በተጻፈው ዓይነትና መጠን ይሞላ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ማንበብ ስለምንችል እኛው አይተን እናረጋግጥ።

ጥያቄዎች

1. የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን ያልቃልን? ለምን?
2. ዘይት የያዘ አቧራ ምን ያመለክታል?
3. ቀዳዳን በክብሪት መፈለግ ለምን ይከለከላል?
4. ቀዳዳው ሳይጠገን ጋዝ ቢሞላ ማን ማን ይጎዳል?