ነገርን ከሥሩ፦ የፍልስፍና መግቢያ ትምህርትን እንዴት እናጥና?



ከአጅባር፣ ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወጣቶች በመጀመሪያው ዓመት ከሚማሯቸው ትምህርቶች አንዱ «ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ» የሚባለው ነው። ይህም የፍልስፍና መግቢያ ሲሆን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል። ምሕንድስና የሚያስብም ሆነ ሕክምና ወይም ሕግ የሚመኝ በዚህ በር ያልፋል።

ስሙን ሲሰሙ አንዳንዶች «ፍልስፍና ሰውን ያሳብዳል፣ እምነትን ያስጥላል» ብለው ይሸሻሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለት ሦስት ቃል ይዘው በክረምት ወደ አገር ሲመለሱ በአባቶች ፊት ይኩራራሉ። ፈሪውም ኩሩውም ትምህርቱን ገና አላወቁትም። ስለዚህ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ፣ ለእኛ ባዕድ መሆን አለመሆኑን፣ ደግሞም ስለ ምን በብርቱ ልናጠናው እንደሚገባ በአጭሩ እንመልከት።

1. ትምህርቱ ምንድር ነው?

ፍልስፍና የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ጥበብን መውደድ ማለት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ከአራት ታላላቅ ክፍሎች ጋር ይተዋወቃል። አንደኛው ስለ ህላዌ ይጠይቃል፤ ይኸውም በእውነት ያለው ምንድር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ዕውቀት ነው፤ የምናውቀውን እንዴት ዐወቅነው ይላል። ሦስተኛው መልካምና ክፉ፣ ውብና አስቀያሚ የምንለውን ይመረምራል። አራተኛው ሎጂክ ነው፤ የትምህርቱም ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ሎጂክ መነሻ ሐሳብ መደምደሚያውን በእርግጥ ይደግፈው እንደ ሆነ የምንመዝንበት ሚዛን ነው። ለምሳሌ «ላም ሁሉ ክንፍ አላት፤ ቦራ ላም ናት፤ ስለዚህ ቦራ ክንፍ አላት» ብንል አካሄዱ ትክክል ነው። መነሻው ግን ሐሰት ስለ ሆነ መደምደሚያውም ሐሰት ሆነ። እንግዲህ ሁልጊዜ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። መነሻው እውነት ነውን? መደምደሚያውስ ከመነሻው ይከተላልን?

ሁሉም ሙግት እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም። «ባለፉት ዓመታት በልግ በየካቲት ገብቷል፤ ዘንድሮም በየካቲት ይገባል» የሚለው ያመዝናል እንጂ እርግጠኛ አያደርግም። የደጋው ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ዘሩን ሁሉ በአንድ ዝናብ አይበትንም። ሊሆን በሚችለውና የግድ በሚሆነው መካከል ያለውን ልዩነት መለየት የትምህርቱ አንዱ ቁም ነገር ነው።

2. ለእኛ ባዕድ ነውን?

ምክንያትን መጠየቅ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ይለያል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ «አንድም» እያለ የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ፍች ያሳያል። በጥንቱ ሙግት ባላጋራዎች «ተጠየቅ» እየተባባሉ ነገራቸውን በጥያቄና በመልስ ያጠሩ ነበር። በወሎ ሼኮች ዘንድም ደረሳው ከነሕው ጋር መንጢቅን ይማር ነበር፤ መንጢቅ ደግሞ ያው ሎጂክ ነው።

በጽሑፍም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው የፈላስፎችን ንግግር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል፤ መጽሐፉም «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ይህንና ሌሎች የግእዝ መጻሕፍትን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአምስት ቅጽ በእንግሊዝኛ አቅርበዋቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ የዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» ነው። መጽሐፉ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረ የአክሱም አካባቢ ተወላጅ ስለ ራሱ ሕይወትና ምርመራ የሚናገርበት ነው። ነገር ግን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ቅጂውን ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የጣልያን ሚስዮናዊ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 «ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው» አለ። ሰምነር ደግሞ ጽሑፉን መርምረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ይህ ክርክር ለጀማሪ ተማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። «አገሬን እወዳለሁና መጽሐፉ የእኛ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። «አበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ንቀት እንጂ ምክንያት የለበትምና። የግእዙ አጻጻፍ፣ የቅጂዎቹ ታሪክ፣ የዘመኑ ሁኔታ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው። ምኞታችንና ማስረጃው እየተለያዩም ቢሆን ማስረጃውን መከተል ከባድ ነው፤ ትምህርቱም የሚያስለምደን ይህንኑ ነው።

3. ስለ ምን በብርቱ እናጥናው?

በመግቢያው ትምህርት ውስጥ ሕጸጽ የሚባል ምዕራፍ አለ። ሕጸጽ ማለት እውነተኛ ሙግት መስሎ የሚያስት የአስተሳሰብ ጉድለት ነው። ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

ሀ. ነገሩን ትቶ ሰውየውን መምታት። «እሱ የማነውና ነው ስለ ውኃ ጉድጓዱ የሚናገረው?» ይባላል። የተናጋሪው ድህነት ግን ጉድጓዱን አይሞላውም።

ለ. ስለ ተከታተለ ብቻ መንሥኤ ነው ማለት። ማታ ውሻ አላዘነ፤ በማግሥቱ ሰው ሞተ። ውሻው ግን ገዳይ አይደለም።

ሐ. ከጥቂቶች ተነሥቶ በሁሉ ላይ መፍረድ። «ከዚያ ወገን ሁለት ሰዎች በደሉኝ፤ ስለዚህ ወገኑ ሁሉ በዳይ ነው።»

ይህ ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ትምህርቱ ለሁሉ በተደነገገበት በዚያው በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በብሔር ስም ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞቱ። ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለግጭቱ ብዙ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን ከማያውቀው ልጅ ጋር የተጣላ ተማሪ አስቀድሞ በልቡ «እነርሱ ሁሉ» ብሎ ደምድሟል። ሕጸጹን ለፈተና ሸምድዶ ጥሩ ውጤት ያገኘ፣ ማታ ግን በስልኩ የመጣለትን ወሬ ሳይመረምር ለሌላው የሚያስተላልፍ ተማሪ ምኑን ተማረው? ፈተናው ያለው በመኝታ ክፍሉም ጭምር ነው።

4. እንዴት እናጥና?

መጽሐፉም ማስተማሪያውም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ከገጠር ለሚሄድ ተማሪ ይከብዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሐሳብ በአማርኛ ለጓደኛችን እንንገረው፤ ምሳሌውንም ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከዕድሩ እናውጣለት። በራሳችን አፍ ልናስረዳው ካልቻልን ገና አልገባንም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የምንቃወመውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል እንናገርለት፤ መልሳችን ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄን ከትሕትና አንለየው። በአባት ፊት «ይህ ሕጸጽ ነው» ብሎ መፎከርና «አባባ፣ ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ እጅግ ይለያያሉ። ሎጂክ ነገርን እንጂ ሰውን የምናዋርድበት አይደለም።

እምነቱ ይጠፋብኛል ብሎ የሚፈራ ወጣትም አባ ሚካኤልን ያስብ። «አባ» ተብለው የሚጠሩ ሰው ሳሉ የፈላስፎችን ቃል ወደ ግእዝ መልሰዋል። መጠየቅ ሁሉ መካድ አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቀበልም ሁሉ እምነት አይደለም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እንግዲህ በዘንድሮው ዓመት ወደ ትምህርት የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ምክር ይዛችሁ ሂዱ፤ ወሬ ሲመጣላችሁም ሥሩን ጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዚህ ሳምንት ከሰማችሁት ወሬ አንዱን ውሰዱ። መነሻው ምንድር ነው? መደምደሚያውስ?

2. «እነርሱ ሁሉ» የሚለውን አነጋገር በየት በየት ትሰማላችሁ? እንዴት ይታረማል?

3. ታላላቆችን ሳናስቀይም ምክንያት መጠየቅ የምንችለው እንዴት ነው?