ዞኮሎ የግድግዳ ነው፦ የእንጨት ወለል ጠርዝና መሸጋገሪያ አሠራር

እንጨቱ ተነጥፎ ሲያልቅ ወለሉ ያለቀለት ይመስላል። አናጢው ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ሶፋው የት እንደሚቀመጥ ያስባል። ዙሪያውን የሚዞረው ዞኮሎና በየበሩ ሥር የሚገባው መሸጋገሪያ እንደ ጌጥ ተቆጥሮ በጥድፊያ ይመታል። ብዙ ጥሩ ወለል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መሀሉ ጉብ ብሎ የሚነሳ ወለል ካያችሁ፣ እንጨቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ጠርዙን ፈትሹ።

እንጨት ከደረቀም በኋላ ይንቀሳቀሳል

ደርቆ፣ ተልጎና ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን እንጨት ከአየሩ እርጥበት መሳቡንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያብጣል፤ በበጋው ደረቅ ወራት ይኮማተራል። ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ ወራቱ ይለያያሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ ወበቃማው የሐምሌ አየር ያሳብጠዋል፣ የጥር ማሞቂያ ያደርቀዋል።

ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ጣውላ በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለወለል በብዛት የሚሠራበትን ቀይ ኦክ እንውሰድ። 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ተራ ጣውላ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ8 በመቶ ወደ 12 በመቶ ከፍ ሲል ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ትንሽ ነው። ነገር ግን 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 40 ጣውላ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ የሚይዘው ነገር ባይኖር ድምሩ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ምስማሩና ኮላው አብዛኛውን ጉልበት ይይዙታል፤ የተረፈው ግን መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃ ካጣ ወደ ላይ ይነሳል።

በግድግዳው ዙሪያ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። በምስማር ለሚመታ ወፍራም ድፍን እንጨት እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ተገጣጥሞ ለሚነጠፍ ላሚኔት ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። አምራቹ ካርቶኑ ላይ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱን ተከተሉ። በምሰሶ ዙሪያ፣ በበር መቃን ሥርና ቧንቧ በሚያልፍበት ሁሉ ያው ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በስቱኮ ወይም በሲሚንቶ መድፈን ወለሉን መቀርቀር ነው። ሲነጠፍ ጠርዙን ለመያዝ የገቡትንም ሽብልቆች አንድ በአንድ አውጡ፤ አንዲት የተረሳች ሽብልቅ ከዞኮሎው ሥር ሆና ለዓመታት ወለሉን ትገፋለች።

ዞኮሎው ሲታሰር

ሕጉ አንድ ነው፦ ምስማሩ ወይም ብሎኑ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ወለሉን አይነካም። ወደ ታች ዘመም ብሎ የተመታ አንድ ምስማር እንኳ ጣውላውን ከዞኮሎው ጋር ያስረዋል፤ ወለሉ ሲኮማተር ወይ ዞኮሎውን ይነቅላል፣ ወይ ሌላ ቦታ ስንጥቅ ይከፍታል።

እኛ አገር ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ልስን የለበሰ ብሎኬት ስለሆነ ምስማር ይነጥራል፣ ልስኑንም ያረግፋል። በየ50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር አስገብታችሁ በብሎን እሰሩት። የብሎኑን ራስ ከእንጨቱ ገጽ ዝቅ አድርጉት፤ ጉድጓዱን ከዚያው ዞኮሎ በወጣ ብናኝና በኮላ ሙሉት። የሌላ እንጨት ብናኝ ቫርኒሽ ሲነካው ነጥቡ ከሩቅ ይታያል።

ከመታሰሩ በፊት ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አኑሩ፤ ከታሰረ በኋላ ሳቡት። ወረቀቱ ሳይቀደድ ከወጣ ወለሉ ከሥሩ እንደልቡ ይንሸራተታል። ሌላም ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ የዞኮሎውን ጀርባም ቫርኒሽ መቀባት። ፊቱ ብቻ ከተቀባ ጀርባው ከግድግዳው እርጥበት እየጠጣ ለብቻው ያብጣል፤ ዞኮሎውም ይቆለመማል። ማንም የማያየው ቢሆንም ሥራው ላይ የሚታይ ልዩነት ያመጣል።

ዞኮሎው ከክፍተቱ የቀጠነ ከሆነ ክፍተቱ አይሸፈንም። ያኔ አናቱ የተጠጋጋ ቀጭን እንጨት ከፊቱ ይደረባል። እሱም ቢሆን የሚመታው ወደ ዞኮሎው ነው።

ማዕዘን

የውስጥ ማዕዘን ላይ ሁለቱንም ዞኮሎ በ45 ዲግሪ ቆርጦ ማጋጠም ይቀላል፤ የሚመከር ግን አይደለም። ጥግ ላይ ልስን ስለሚወፍር ግድግዳው ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው። ቢሠራም እንኳ እንጨቱ ሲደርቅ መጋጠሚያው ይከፈታል።

የተሻለው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዞኮሎ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ እስከ ጥጉ ድረስ ይሂድ። ሁለተኛውን በ45 ዲግሪ ቁረጡት፤ ቁርጡና የፊቱ ገጽ የሚገናኙበት ጠርዝ የዞኮሎውን ቅርጽ ስሎ ያሳያችኋል። ያንን ጠርዝ በእርሳስ አጥቁሩት። ከዚያ በቀጭን መጋዝ የእርሳሱን መስመር ተከትላችሁ፣ መጋዙን ወደ ኋላ አዘንብላችሁ፣ ከመስመሩ ጀርባ ያለውን እንጨት አውጡ። መስመሩ ራሱ ይቅር። የቀረውን ጉርብጥብጥ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ ስታስጠጉት የመጀመሪያው ዞኮሎ ገጽ ላይ ልክክ ይላል። ጥጉ ቢጣመምም ስፌቱ አይታይም፤ እንጨቱ ሲኮማተርም አይገነጠልም።

የውጭ ማዕዘን ግን በዚህ አይሆንም፤ ሁለቱም በሰያፍ ይቆረጣሉ። ዲግሪ መለኪያ ከሌላችሁ ወለሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ቁራጭ ዞኮሎ በአንዱ ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ የፊቱን መስመር አስምሩ፣ በሌላው ግድግዳም ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች ከሚቋረጡበት ነጥብ እስከ ግድግዳው ጫፍ የሚሄደው መስመር የመቁረጫችሁ ሰያፍ ነው። እዚህ ኮላ አትሰስቱ፤ ሁለቱን ዞኮሎ እርስ በርስ እንጂ ወለሉን አያስርም።

በበሩ ሥር

መሸጋገሪያው የሚቀመጠው በሩ ሲዘጋ ከበሩ ሥር እንዲውል ነው። ከዚህ ከወጣ በሩ ተዘግቶም የጎረቤት ክፍሉ ወለል ይታያል፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

የሁለቱ ክፍል ወለል እኩል ከፍታ ካለው የቲ ቅርጽ ያለው ይገባል። እግሩ በሁለቱ ወለሎች መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ከሥር ካለው ኮንክሪት ጋር በኮላ ይያያዛል፤ ክንፎቹ ወለሎቹ ላይ ያርፋሉ እንጂ አይጣበቁም። ከእግሩ ግራና ቀኝም ባዶ ቦታ መቅረት አለበት። የጎረቤት ክፍሉ ወለል ሴራሚክ ሆኖ እንጨቱ ከእሱ ከፍ ካለ አንድ ጎኑ ዘቅዛቃ የሆነውን ምረጡ፤ በቲው ለመሸፈን መሞከር አንዱን ክንፍ አንጠልጥሎ ይተወውና በእግር ብዛት ይሰበራል። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት መሸጋገሪያውን አስቀምጣችሁ በሩን ክፈቱና ዝጉት። የሚፈትግ ከሆነ የሚላገው የበሩ ታች ነው።

የእንጨት መቃን ካለ ጣውላውን በመቃኑ ቅርጽ ለመጥረብ አትድከሙ። ቁራጭ ጣውላ ወለሉ ላይ አጋድሙ፣ መጋዙን በላዩ አሳርፋችሁ የመቃኑን እግር ቁረጡ፤ ወለሉ ከሥሩ ይገባል። ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዳለው የብረት መቃን ከሆነ ግን ክፍተት ትታችሁ የእንጨቱን ቀለም በሚመስል ሲሊኮን ሙሉት፤ ሲሊኮን ስለሚለጠጥ እንቅስቃሴውን አይከለክልም። በመታጠቢያ ቤት ደፍ ላይም ይኸው ሲሊኮን ውኃ ወደ እንጨቱ ጫፍ እንዳይሰርግ ያግዳል።

የደረጃ ጠርዝ

ወለሉ ደረጃ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ጥንቃቄው ይገለበጣል። የደረጃው ጠርዝ የሰው ክብደት ሁሉ የሚያርፍበት ስለሆነ በኮላም በብሎንም ከደረጃው ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። ድፍን እንጨት ከሆነ ጠርዙ ከመጀመሪያው ጣውላ ጋር ይቆላለፋል፤ የመስፊያው ክፍተት ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል ይተዋል። ላሚኔት ከሆነ ጠርዙ ወለሉን ከላይ ይደርባል፣ ከሥሩም ወለሉ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይቀራል። ኮላው ሲደርቅ በሙሉ ክብደታችሁ ጫፉ ላይ ቁሙበት። ከተንቀጠቀጠ ወይም ድምፅ ካሰማ ነቅላችሁ ከሥሩ የጎደለውን ሙሉና እንደገና እሰሩት።